ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ የሁለት ከተሞችን የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት በራስ የማስላት ዝርዝር መመሪያ

አንድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚወስደውን ቲኬት በእጁ ይዟል እንበል። ቲኬቱ ማታ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 08:15 ይደርሳል ይላል፤ በጣት ሲቆጠር ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው። የመመለሻው ደግሞ ረፋድ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:15 አዲስ አበባ ይገባል፤ ይህም ሲቆጠር ከሃያ ሰዓት ይበልጣል። መንገደኛው "መሄዱስ ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን ያደክማል" ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ረጅሙ ጉዞ መሄጃው ሲሆን አጭሩ መመለሻው ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት አንድ ቁጥር ብቻ ሲሆን የበረራ ሰዓቱ ግን እንደ አቅጣጫው፣ እንደ ነፋሱ፣ እንደ መነሻው ከፍታና እንደ ሰዓት ቀጠናው ይለያያል። በዚህ መመሪያ ይህን መስመር ምሳሌ አድርገን ርቀቱን በካልኩሌተር እናወጣለን፣ ከርቀቱ የበረራውን ሰዓት እንገምታለን፣ ከዚያም ግምታችንን ከላይ ካሉት የምሳሌ ሰዓቶች ጋር እናመሳክራለን።

መነሻና መድረሻውን በትክክል መለየት

የአየር ርቀት የሚለካው ከመሀል ከተማ እስከ መሀል ከተማ ሳይሆን ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ነው። ለአዲስ አበባ ችግር የለም፤ ቦሌ ከተማው ውስጥ ነው። ዋሽንግተን ግን በአቅራቢያዋ ሦስት ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ስላሏት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ የሚያርፍበትን ደለስን ከሬገን ናሽናልና ከባልቲሞር መለየት ያስፈልጋል። ደለስ ያለው ከከተማዋ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ቲኬት ላይ የሚታየው ባለሦስት ፊደል መለያ ለቦሌ ኤ-ዲ-ዲ፣ ለደለስ አይ-ኤ-ዲ ነው።

ቀጥሎ የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይጻፉ። በስልክዎ ካርታ ላይ ቦታውን በጣትዎ ተጭነው ቢይዙ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። የቦሌ 8.978 ሰሜን እና 38.799 ምሥራቅ ሲሆን፣ የደለስ 38.944 ሰሜን እና 77.456 ምዕራብ ነው። ምዕራብ የሆነው ኬንትሮስ በካርታው ላይ በአሉታዊ ምልክት ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱን ከዘነጉት ደለስ መካከለኛው እስያ ውስጥ ይገባል፣ ርቀቱም ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ርቀቱን ማስላት

ከግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚለካ ርቀት አያዋጣም። ጠፍጣፋ ካርታ የሉልን ቆዳ ልጦ የዘረጋ በመሆኑ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ቦታዎችን ይለጥጣል። በካርታው ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር በቻድና በኒጀር አድርጎ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ ይሄዳል። አጭሩ መንገድ ግን ያ አይደለም። ሉል ያለው ሰው የልብስ ስፌት ክር ወስዶ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዞ ወጥሮ ቢስበው ክሩ ራሱ መንገዱን ያሳየዋል፤ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል፣ ከካርቱም ብዙ ሳይርቅ ያልፋል፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ የሜዲትራኒያንን ባሕር ይሻገራል፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም ውቅያኖሱ መሀል ከዋሽንግተን ኬክሮስ ስድስት ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ መልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በጂኦሜትሪ ይህ መስመር ታላቁ ክብ ይባላል፤ ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ቁራጭ ማለት ነው። የተወጠረውን ክር አውጥተው ሉሉ ላይ ባለው የምድር ወገብ ቢለኩት፣ የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ግምታዊ ርቀቱን ያለ አንዳች ሒሳብ ያገኛሉ።

በቁጥር ለማግኘት ሳይንና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር ይበቃል፤ አብዛኛው ስልክ አግድም ሲይዙት ይህን ያወጣል። ካልኩሌተሩ በራዲያን ሳይሆን በዲግሪ የሚሠራ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ቀመሩ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን እርስ በርስ ያባዙ፤ ለብቻው ደግሞ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮሶቹን ልዩነት ኮሳይን ሦስቱን ያባዙ፤ ሁለቱን ውጤቶች ይደምሩ፤ የተገኘው ቁጥር የርቀቱ ኮሳይን ነው።

በእኛ ምሳሌ አንዱ ምሥራቅ፣ ሌላው ምዕራብ በመሆናቸው ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ፤ 38.799 ሲደመር 77.456፣ ልዩነቱ 116.255 ዲግሪ ነው። ሁለቱም ምሥራቅ ቢሆኑ ኖሮ አንዱን ከሌላው እንቀንስ ነበር። የ8.978 ሳይን 0.1561፣ የ38.944 ሳይን 0.6286 ሲሆን ብዜታቸው 0.0981 ይሆናል። ኮሳይናቸው 0.9878 እና 0.7778፣ የ116.255 ኮሳይን ደግሞ አሉታዊ 0.4424 ስለሆነ የሦስቱ ብዜት አሉታዊ 0.3399 ነው። ሲደመሩ አሉታዊ 0.2418 ይወጣል። ይህን ቁጥር በተገላቢጦሽ ኮሳይን ቁልፍ ወደ ዲግሪ ሲመልሱት 103.99 ይሆናል።

አንድ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111.195 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ርቀቱ 11,563 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው፤ በዚህም ዲግሪውን በ60 ማባዛት ብቻ ስለሚበቃ 6,239 የባሕር ማይል ይወጣል። በአሜሪካኖቹ ማይል ደግሞ 7,185 አካባቢ ነው። ምድር ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች፣ በዋልታዎቿም በኩል ትንሽ ጠፍጠፍ ስላለች፣ ቀመሩ እስከ ግማሽ በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ ለበረራ ሰዓት ግምት ይህ ስሕተት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ውጤትዎን ማመሳከር ካስፈለገዎት በጉግል ኧርዝ ላይ ያለው የርቀት መለኪያ የሚያሰምረው ይህንኑ መስመር ነው።

ለአጭር ርቀት ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር የኬክሮስ ልዩነቱ 2.63 ዲግሪ፣ ማለትም 292 ኪሎ ሜትር ነው፤ የኬንትሮስ ልዩነቱ 1.48 ዲግሪ ሲሆን፣ በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን ሲባዛ 162 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በትምህርት ቤት በተማርነው የፓይታጎረስ ደንብ ሁለቱን ስናጣምር 334 ኪሎ ሜትር እናገኛለን።

በእውኑ የሚበረረው መንገድ

አውሮፕላን ክሩን ተከትሎ አይሄድም። ሲነሳ እንደ ነፋሱ ወደተቃራኒው አቅጣጫ ሊንደረደርና ሊዞር ይችላል፣ በየአገሩ የተወሰነውን የአየር መንገድ ይከተላል፣ ለማረፍም ተራ ይጠብቃል። በረጅም በረራ ላይ ለዚህ ሁሉ በርቀቱ ላይ ሦስት በመቶ መጨመር ደህና ግምት ይሰጣል።

የአየር ክልል ሲዘጋ ግን ይህ ግምት ይፈርሳል። በሱዳን ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሲፈነዳ የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ በመዘጋቱ፣ ከላይ ክሩ በካርቱም አጠገብ ያልፋል ያልነው መንገድ ተቆረጠ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚበሩ አውሮፕላኖችም ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ አንድን መስመር ሲያሰሉ ክሩ የሚያልፍባቸውን አገሮች በየተራ ማየት ተገቢ ነው። ጦርነት ያለበት አገር ከተገኘ ሦስት በመቶው ወደ ስምንትና አሥር ከፍ ይበል።

ፍጥነትና ነፋስ

በዚህ መስመር ላይ የሚበሩት እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ የሚጓዙት በድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ አካባቢ ነው። ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ያለው አየር ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ያህል ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ የድምፅ ፍጥነት እዚያ በሰዓት 1,060 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአውሮፕላኑ ፍጥነትም 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለቦይንግ 737 የሚያዘው 835 አካባቢ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የምናየው ባለፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ደግሞ 660 ያህል ይበራል።

ይህ ፍጥነት ግን አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ነው። አየሩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ይለወጣል፤ በወንዝ ላይ ያለ ታንኳ ቁልቁልና ሽቅብ ሲቀዘፍ እንደሚለያየው ማለት ነው። በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ ላይ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ጀት ስትሪም የሚባለው ጠባብ የነፋስ ወንዝ በተለይ በፈረንጆቹ ክረምት አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን ይህን ነፋስ ከፊቱ ሲጋፈጠው፣ የሚመለሰው ግን ከኋላው ያገኘዋል። በአፍሪካ ሰማይ ላይ ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ነፋሱ ስለሚለዝብ፣ ለጠቅላላው ጉዞ የምንወስደው አማካይ ከጀት ስትሪሙ ጉልበት በጣም ያነሰ መሆን አለበት። በእኔ ልምድ ለመመለሻው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር መጨመር፣ ለመሄጃው ደግሞ በአፍሪካና በአውሮፓ በኩል 30፣ በአትላንቲክ ላይ 70 መቀነስ ለእውነታው የቀረበ ውጤት ይሰጣል።

የቀረው ነገር መውጣትና መውረድ ነው። አውሮፕላን ከፍታ ሲይዝና ለማረፍ ሲቃረብ ቀስ ስለሚል ለእያንዳንዱ በረራ 30 ደቂቃ እንጨምራለን። ይህ ተጨማሪ ለረጅም በረራ ቀላል ቢመስልም ለአጭሩ ግማሹ ነው። የባሕር ዳሩን 334 ኪሎ ሜትር ለ660 ስናካፍል ግማሽ ሰዓት፣ ሠላሳ ደቂቃው ሲጨመር አንድ ሰዓት ይሆናል። የበረራው ፕሮግራም አንድ ሰዓት ስላለ ብቻ "አውሮፕላኑ በሰዓት 334 ኪሎ ሜትር ነው የሚበረው" ብሎ ማሰብ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

መመለሻውን እናስላ። 11,563 ላይ ሦስት በመቶ ሲጨመር 11,910 ኪሎ ሜትር ነው። ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት 950 ሲሆን 12 ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ ሠላሳ ደቂቃው ሲጨመር 13 ሰዓት ገደማ ነው።

መሄጃው ለምን መንገድ ላይ ያርፋል?

ከደለስ የሚነሳው አውሮፕላን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ ሲመጣ፣ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ግን ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ የሚያርፈው ለምን እንደሆነ ብዙ መንገደኞች ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ነፋሱ ብቻ ሳይሆን የከተማችን ከፍታም ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ እዚያ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል፤ አውሮፕላኑ ይበልጥ ፈጥኖ መንደርደር አለበት፣ ለዚህም ረጅም መንደርደሪያ ይሻል። በዚህ የተነሳ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ጭነትና ለ15 ሰዓት የሚሆን ነዳጅ በአንድነት ይዞ ከቦሌ መነሳት አይቻልም። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 95 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ በመሆኑ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል።

ከመንገድ ማረፊያዎቹ መካከል ለብዙ ዓመታት ያገለገለችው ደብሊን ናት፤ ለምን እንደተመረጠች በሒሳባችን ልንረዳው እንችላለን። በዚያው ቀመር ከአዲስ አበባ እስከ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን እስከ ደለስ 5,464 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ ድምሩ 11,829 ነው። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ266 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሃያ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ በረራ ነው። ጊዜ የሚወስደው ማረፉ ነው።

እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ እናስላ። የመጀመሪያው 6,365 ላይ ሦስት በመቶ ተጨምሮ 6,556 ሲሆን፣ ለ870 ሲካፈል ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ከሠላሳ ደቂቃው ጋር 8 ሰዓት ነው። ሁለተኛው 5,628 ለ830 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፣ ከሠላሳው ጋር 7 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። መሬት ላይ የሚቆይበትን አንድ ሰዓት ተኩል ስንጨምር ጠቅላላው 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ከመመለሻው የሚበልጥበት ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው ማለት ነው።

የሰዓት ቀጠናውን መፍታት

አሁን ወደ ቲኬቱ እንመለስ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ግን ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ትለውጣለች፤ በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ በእኛ የካቲት ሲያልቅ ወይም መጋቢት ሲገባ፣ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት መገባደጃ፣ ትመልሳለች። ስለዚህ ከመነሻው ሰዓት በበጋቸው አራት፣ በክረምታቸው አምስት ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ ከአዲስ አበባ ጋር ያላት ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። አውሮፓም ሰዓቱን ይለውጣል፣ ቀኖቹ ግን ከአሜሪካ ይለያሉ። ዱባይ አትለውጥም።

ስሕተት የማያስከትለው ዘዴ ሁለቱንም ሰዓቶች ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት መልሶ ማነጻጸር ነው። ጉዞው በበጋቸው ነው እንበል። የመነሻው 22:30 ሦስት ሲቀነስለት 19:30 ነው። የመድረሻው 08:15 አራት ሲጨመርለት በማግስቱ 12:15 ይሆናል። ከ19:30 እስከ 12:15 ያለው 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። መመለሻው 11:00 ሲል 15:00፣ 07:15 ሲል ደግሞ 04:15 ነው፤ መካከሉ 13 ሰዓት ከሩብ። ሁለቱም ከላይ በርቀት ካገኘናቸው ቁጥሮች ጋር ይገጥማሉ። ከመመለሻው ላይ የተረፈው ሩብ ሰዓት አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ተነስቶ መንደርደሪያው ድረስ የሚያዘግምበት ነው፤ የቲኬት ሰዓት የሚቆጥረው ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ እንጂ ጎማው መሬት ከለቀቀበት ጀምሮ አይደለምና።

የእኛ ሰዓት የሚያመጣው ጣጣ

ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለ። የቲኬቱን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ስድስት ይቀንሱ፤ ከ12 ከበለጠ 12 ደግመው ይቀንሱ። 22:30 ስድስት ሲቀነስለት 16:30፣ ማለትም ከምሽቱ 4:30 ነው። ሰዓቱ ከ06:00 በታች ከሆነ ስድስት ይጨምሩ፤ 00:40 ከሌሊቱ 6:40 ይሆናል።

አደጋው ያለው እዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሉት ሰዓቶች ላይ ነው። በፈረንጆቹ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ የትናንቱ ቀን ነው። አጎቴ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ ቲኬቱ ማክሰኞ 00:40 ይላል። እሱም "ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከአርባ" ብሎ አንብቦ፣ ማክሰኞ ማታ እራቱን በልቶ፣ ተመርቆና ተሸኝቶ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሄዶ ነበር። ሻንጣውን ይዞ በር ላይ የቆመበት ሁኔታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ከ00:00 እስከ 05:59 የሚነሳ በረራ ቲኬት በእጅዎ ከገባ ወረቀቱ ላይ በእጅዎ "ለማክሰኞ አጥቢያ" ብለው ይጻፉበት፣ ወደ አየር ማረፊያው የሚሄዱትም ሰኞ ማታ መሆኑን ለሚያደርስዎት ሰው ይንገሩ።

ለሚደዋወል ቤተሰብ ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ በእኛ አቆጣጠር በጣም ይቀላል። ዋሽንግተን ያለው ሰው በበጋቸው በራሱ ሰዓት ላይ አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ቢጨምር የአዲስ አበባን ሰዓት በሐበሻ ቆጠራ ያገኛል። እሱ ጋ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ በበጋ አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው።

በጉዞው ቀን

በግምት ያገኙት ሰዓት አማካይ ስለሆነ በዕለቱ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል። አየር መንገዶች በፕሮግራማቸው ውስጥ መጠነኛ ትርፍ ጊዜ ስለሚይዙ፣ አርፍዶ የተነሳ አውሮፕላን በሰዓቱ ሲደርስ ማየት የተለመደ ነው፤ በጃንዋሪ ወደ ምሥራቅ የሚበር ደግሞ ነፋሱ አግዞት ቀድሞ ሊገባ ይችላል። በፍላይትራዳር24 ላይ የበረራውን ቁጥር አስገብተው አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታና ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት ያያሉ። የሚያዩት ፍጥነት በኖት ከሆነ በ1.852 ቢያባዙት በኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 520 ኖት ካለ በሰዓት 963 ኪሎ ሜትር ነው፣ ነፋሱም ከኋላ እየገፋው ነው። የቀረውን ርቀት ለዚህ ፍጥነት አካፍለው ለመውረጃ ሩብ ሰዓት ቢጨምሩ የሚያርፍበትን ሰዓት ያገኛሉ። ተቀባይ ከሆኑ ደግሞ 07:15 አውሮፕላኑ መቆሚያው ላይ የሚደርስበት እንጂ እንግዳዎ በር ላይ የሚወጣበት ሰዓት አይደለም፤ ፓስፖርቱ ታይቶ ሻንጣው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ ቦሌ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢደርሱ ይበቃል።